መሃል ላይ የነበረው ግስ

«አማርኛው መች ጠራላትና ነው ፈረንሳይኛ የሚያምራት?» አሉ ጎረቤታችን እትዬ ምሥራቅ።

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ቁጭ ብዬ ጠጠር እጫወታለሁ። አላዩኝም፤ ወይም አይተውኝ ግድ አልሰጣቸውም። አብረዋቸው የቆሙት ሴትዮ ሳቁና፣ «ኧረ እሷን ያማራት ሌላ ነው» አሉ። ከዚያ ሁለቱም ድምፃቸውን ቀነሱ። ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ሲቀንሱ ወሬው ስለ ራሱ ቤት መሆኑ የማይገባው ልጅ የለም።

እናቴ አፀደ የተወለደችው ማንኪራ ነው። ጫካ ውስጥ ቡና እየለቀመች አድጋ ቦንጋ ከተማ ተድራ መጣች። አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ እየሸጠች ነው። ስለዚህ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። ሰው ፊት «አንተ ትሁት፣ ና እንሂድ!» ብላ ስትጠራኝ የሚስቁ ነበሩ። ትሁት እኔ ነኝ፤ ሴት ልጅ ነኝ። በዚያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ሰው ፊት አፏን በከፈተች ቁጥር መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ እል ነበር። ዛሬ ሳስበው የማፍረው በእሷ አይደለም።

አባቴ ገና ዳዴ ስል ሞቷል። እህቴ ፀዲ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አዲስ አበባ አክስታችን ዘንድ ትምህርት ላይ ናት ተብያለሁ። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እሷ ከሄደች ማንም የለኝም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ነው። ኃይለሚካኤል የሚባል የሺሺንዳ ሰው፣ ቡና ጭኖ እስከ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ገበያ ድረስ መጥቶ ለእናቴ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። እናቴ ፊደል ታውቃለች፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የእኛ ፊደል አልነበረም። ገበያዋን ሳትጨርስ ጓዟን ሰበሰበች። እግሯን ታጠበች፣ እጄን ያዘችና ወደ ጋሽ ወልደሥላሴ ቤት ወረድን።

ጋሽ ወልደሥላሴ አባታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው ቦንጋ የቀሩ ናቸው። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ውስጥ ነው፤ እዚያ ወረቀቱም ትእዛዙም በፈረንሳይኛ ነበር። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ጡረታቸውን ይዘው ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ሞቀም ዘነበም ያንን የናስ ቁልፍ ያለውን ጥቁር ሰማያዊ ኮታቸውን አያወልቁም ነበር።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጅቷ ጓሮ ሄዳ ዶሮዎቹን ትይልኝ» አሉ።

ሄድኩ። ግን በእንሰቱ መሃል አጮልቄ አየሁ። ጋሽ ወልደሥላሴ ቀስ ብለው ያወራሉ። እናቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። እሳቸው ተነሡና እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ፣ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ፀዲ ከመሄዷ በፊት አንድ ጎረምሳ የጻፈላትን ደብዳቤ እንዲሁ ስትከት አይቻታለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

ያ ወረቀት ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። አሥራ አንድ መስመር ነው፤ ስለ ፍቅር የሚያወራ አንድ ቃል የለበትም።

ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣ ጋሽ ወልደሥላሴ ቤት ሆነ ውሏችን። በመጀመሪያው ቀን እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ግስ እናረባለን» አሉ። እኔ ሲረባ የማውቀው ዶሮና ፍየል ነው። ግስ የሚባለውን ፍለጋ ጓሮውን አንድ ጊዜ ዞርኩት።

«ፓርቲር፤ መሄድ ማለት ነው» አሉ። «ዠ ፓር፤ እሄዳለሁ። ቱ ፓር፤ ትሄጃለሽ። ኢል ፓር፤ ይሄዳል። ኑ ፓርቶን፤ እንሄዳለን። ቩ ፓርቴ፤ ይሄዳሉ፣ ይህ እንኳ ለትልቅ ሰው ነው። ኢል ፓርት፤ እነሱ ይሄዳሉ።»

እናቴ ተከትላ ትላለች፤ ብላም በእኛ ፊደል ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ ትጽፋለች። መሠረተ ትምህርት የሰጣት ፊደል ነው፤ ሰፋፊ፣ እንደ ቡና ስጥ የተበታተነ።

«አየሽ፣ እነሱ ግሱን እስከ መጨረሻ አያቆዩትም» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ። «እኛ በካፊኖኖም ሆነ በአማርኛ ነገሩን ሁሉ ደርድረን ደርድረን ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የምናመጣው። በእነሱ ግን ማን እንደሆንሽ ተናግረሽ ወዲያው የምታደርጊውን ትናገሪያለሽ።»

«ጥሩ ነው» አለች እናቴ። «እኔን ሁልጊዜ ግሱ ጋ ሳልደርስ ነው የሚያቋርጡኝ።»

ሌላ ቀን ጠረጴዛቸውን መታ መታ አድርገው፣ «ላ ታብል፤ ሴት ናት» አሏት።

«ጠረጴዛው?»

«አዎ፣ ጠረጴዛዋ።»

እናቴ እስኪያስላት ሳቀች። «እንግዲያው እነሱም እንደኔ ናቸዋ!»

እኔ የበሩ ደፍ ላይ እቀመጣለሁ። ጋሽ ወልደሥላሴ ሲጠይቁ ከእናቴ ቀድሜ እመልሳለሁ፤ እሳቸውም «ብራቮ፣ ላ ፊይ!» ይሉኛል። ላ ፊይ ልጅቷ ማለት ነው። ማ ፊይ ደግሞ ልጄ፣ ሴቷ ልጄ። እንደዚያ ሲሉኝ ደስ ይለኝና ወዲያው ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ፤ ጠላቴ ናቸው ብዬ ወስኜ ነበርና።

በአምስተኛው ሳምንት እናቴ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቤት ሆነሽ ትጠብቂኛለሽ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። አሁን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ልትማር የሄደችው «መውደቅ» እና «መስበር» የሚሉትን ግሶች ነው።

ቤት ኮረሪማ እየፈለፈለች ለብቻዋ ታነበንባለች። ከሁሉ የምትደጋግመው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

«ዠ ፓር ሼርሼ ማ ፊይ።»

ዠ ፓር፣ እሄዳለሁ። ማ ፊይ፣ ልጄ። መሃል ላይ ያለችውን አላውቃትም። ግን ሁለቱ ጉልቻ ከታየ ሦስተኛው የት እንደሚቀመጥ ማንም ያውቃል። ልጄን ትቼ እሄዳለሁ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ምልክቱ ደግሞ በዛ። እናቴ ፀጉሯን ተሠርታ ፎቶ ቤት ሄዳ ተነሣች። ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሳ መጣች፤ እህቴን አየሻት ወይ ስላት ፊቷን ታዞራለች። ሹፌሩ ኃይለሚካኤል በራችን ላይ ቆሞ፣ «ከመስቀል በኋላ እወርዳለሁ፤ ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለሽ» አላት። እኔ ሙሽሮች ከመጋባታቸው በፊት ፎቶ እንደሚነሡ አውቃለሁ።

አንድ ረቡዕ ተከትያት ሄድኩና ጋሽ ወልደሥላሴ ቤት መስኮት ሥር ተደበቅሁ። ዝናብ ነው። ጠብታው ከቆርቆሮው እየተወረወረ አንገቴ ውስጥ ይገባል።

«ዠ ቩድሬ በይ» ይላሉ እሳቸው። «ብፈልግ እንደማለት ነው። ትሕትና አለበት፤ በር ያስከፍታል።»

«ብፈልግ?» አለች እናቴ። «የሚፈልግ ሰው ብፈልግ ይላል እንዴ?»

«ጨዋ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፣ አፀደ። ዠ ቨ ካልሽ ያዘዝሻቸው ይመስላቸዋል። ይቀየማሉ።»

«ይቀየሙ! እኔ እፈልጋለሁ። እፈልጋለሁ ነው የምለው። መስማት ያልፈለገ ጆሮውን ይያዝ!»

ቀጥሎ ጋሽ ወልደሥላሴ ሳቁ፤ የደከመ፣ የተሸነፈ ሳቅ ነው። «እሺ እንግዲህ፣ ዠ ቨ ይሁን» አሉ።

እናቴ ሽማግሌውን እፈልጋለሁ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ ብቀየምም ግድ የላትም።

በዚያ ዓመት ከትልልቅ ሰዎች ሁሉ የምወደው እንዳለን ነበር። ወጣት ነው፤ ቀይ ሞተር ብስክሌት አለው፤ ልጆችን ያፈናጥጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ በደጃችን ሲያልፍ ቆሞ ብስኩት ይሰጠኛል፤ «ፀዲ ሰላም ብላሻለች» ይለኛል። እናቴ እሱን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። ሽማግሌውን ስለምትወድ ነው ብዬ አሰብኩ።

«እንዳለ» አልኩት አንድ ቀን፣ «አንተ ለምን እማዬን አታገባትም?»

እየሳቀ፣ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ ወረቀቱን፣ ፈረንሳይኛውን፣ ፎቶውን፣ ሹፌሩን። መሃል ላይ ሳቁ ጠፋ። ከሞተሩ ወረደና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ማነው ወረቀቱን ያመጣው አልሽኝ?»

«ኃይለሚካኤል።»

ትንሽ አሰበ። ትከሻዬን ያዘኝ፤ እጁ ሞቃት ነበር። «ጎበዝ ልጅ ነሽ። እናትሽ ትታሽ እንዳትሄድ ትፈልጊያለሽ አይደል? ያለ ደብተሩ የትም አትሄድም። ደብተሩ ይጥፋ፤ ማንም ሳያይሽ።» ከኪሱ ያልተከፈተ ብስኩት አውጥቶ ሰጠኝ።

ከዚያ ቀን ሁሉ ዛሬም የማይረሳኝ ያ ብስኩት ነው። ሙሉውን በላሁት፤ ጣፈጠኝ።

በማግሥቱ እናቴ ገበያ ስትሄድ ደብተሩን ከፍራሹ ሥር አወጣሁና ጓሮ ወረድኩ። የቆጮ ጉድጓዳችንን ድንጋይ አንስቼ፣ ቅጠሉን ገልጬ፣ ደብተሩን ሊጡ ውስጥ እስከ ክርኔ አስጠለቅሁት። መልሼ ሸፈንኩት። ክንዴን ሦስት ጊዜ ብታጠብም ሽታው አልለቀቀኝም።

እናቴ እንደተመለሰች ፍራሹን ገለበጠች። ሣጥኑን አራገፈች፣ ከረጢቶቹን ፈታች። ከዚያ ዱካ ላይ ቁጭ አለች፤ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። ጨረስኳት ብዬ አሰብኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዓይኗን ጨፈነችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ዠ ፓር። ቱ ፓር። ኢል ፓር።» ስድስቱንም። ቀጠለች፤ መሆንን፣ መኖርን፣ መምጣትን፣ መቅረትን፣ መጠየቅን፣ መውደቅን። የተማረቻቸውን አሥራ አምስት ግሶች በስድስት በስድስት አድርጋ አንድ ሳታጎድል አረባቻቸው። ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ እየጮኸች ነበር ማለት ይቻላል። ያኔ ገባኝ። ደብተሩን እንጂ እሷን ጉድጓድ ልከታት አልችልም።

«እማዬ አትሂጂ!» ብዬ ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። «ከጋሽ ወልደሥላሴ ጋር አትሂጂ!»

ዓይኗን ገለጠች። «ከማን ጋር?»

ሁሉንም ነገርኳት። የእንዳለን ነገር ስነግራት እጇ ፀጉሬ ላይ ቆመ። ከዚያ በካፊኖኖ ጠየቀችኝ፤ «መሃል ላይ ያለችው፣ ሼርሼ፣ ምን ማለት መሰለሽ?»

«መተው።»

«መፈለግ ናት» አለችኝ። «ልጄን ፍለጋ እሄዳለሁ ነው የምለው።»

«እኔ እዚህ ነኝ እኮ!»

«አንቺን አይደለም፣ የኔ እናት» አለችና ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች።

ፀዲ አዲስ አበባ አልነበረችም። አክስታችን ዘንድ አድራ አታውቅም። እንዳለ፣ ያ ሰላምታዋን የሚያመጣልኝ እንዳለ፣ ደህና ሥራ ትገቢያለሽ ብሎ ጅቡቲ አድርሷት ነበር። ከሰው ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። አሠሪዎቿ ሆስፒታል ጥለዋት፣ ፓስፖርቷን ይዘው ጠፉ። አንዲት ነርስ አዝናላት ነው ያንን ደብዳቤ የጻፈችላት። ጋሽ ወልደሥላሴ ለሆስፒታሉ ሦስት ደብዳቤ ልከዋል፤ መልስ የለም። እዚህ የመንግሥት ቢሮ ስትሄድ «ጠብቂ» አሏት፤ ፎቶውም የአዲስ አበባውም መንገድ ለፓስፖርት ነበር። እንዳለ፣ «ነገር አታካብጂ፣ ልጅቷን ታስጎጂያለሽ» አላት።

«ለምን ጋሽ ወልደሥላሴ አይሄዱም?» አልኳት። «ወይ ሰው ያስተርጉምልሽ።»

«እሳቸው እግራቸው አይችልም። አስተርጓሚ ደግሞ አይቻለሁ» አለች።

አባቴ በሞተ ጊዜ የማንኪራው የቡና መሬታችን ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እናቴ ያኔ አማርኛ አትችልም፤ አንድ ሰው ቆሞ አስተረጎመላት። «አልሰጥም» ያለችው «ትቼላቸዋለሁ» ሆኖ ተጻፈ። ይህን የተረዳችው ከዓመት በኋላ ነው።

«አንድ ጊዜ በሰው አፍ ተናግሬ መሬቴን አጣሁ» አለችኝ። «ልጄን በሰው አፍ አልጠይቅም።»

እኔ ዛሬ ፍርድ ቤት ከካፊኖኖ ወደ አማርኛ አስተረጉማለሁ። ሥራውን ያገኘሁ ቀን ስነግራት፣ «ሰውየዋ ያለውን ብቻ በል» ነው ያለችኝ፤ በአማርኛ።

መስኮት ሥር የሰማሁትም ቃል የገባኝ ቆይቶ ነው። በአማርኛ የጠፋን ነገር ብንሻም፣ የራሳችንን ብንጠይቅም «መፈለግ» እንላለን። ፈረንሳዮች ለሁለት ከፍለውታል። ሼርሼ የጠፋውን ነው፤ ዠ ቨ ያንቺ የሆነውን አምጡ ስትይ ነው። እናቴን ሁለቱም ያስፈልጓት ነበር።

ደብተሩን ከጉድጓድ ስናወጣው ገንፎ ሆኗል። አዲስ ተገዛ። በሦስት ቀን ውስጥ እሷ ኮረሪማዋን እየፈለፈለች በቃሏ አለችልኝ፣ እኔ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩላት። ጋሽ ወልደሥላሴ አይተው ሁለት ቦታ አረሙ። በመጨረሻው ገጽ ላይ በራሳቸው እጅ በፈረንሳይ ፊደል አንድ ነገር ጻፉ፤ «ማንም ካንገላታሽ ይህን አሳዪው» አሏት።

ከመስቀል በኋላ ኃይለሚካኤል ጋቢና ውስጥ ገብታ ሄደች።

እኔን አደራ የተቀበሉት እትዬ ምሥራቅ ናቸው። እናቴ ሄዳ እውነቱን ስትነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙና «ልጅቷን አምጪያት» ብቻ አሉ። ወሬኛ ነበሩ እንጂ ክፉ አልነበሩም። በሁለተኛው ሳምንት እንዳለ በሞተሩ መጣ።

«እናትሽ የት አለች?» አለኝ ብስኩት ዘርግቶ።

እጆቼን ከኋላዬ አጣመርኩ። «ሄዳለች።»

«ደብተሩን አገኘችው እንዴ?»

«አላስፈለጋትም። በቃሏ ነው የምታውቀው። ያንተንም ስም በቃሏ ታውቀዋለች!»

እትዬ ምሥራቅ ከጓሮ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። «ከደጄ ጥፋ!» አሉት። «የሰው ልጅ ነጋዴ! ጥፋ!» መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። ሞተሩ እንቢ ብሎት እስከ ታችኛው መንገድ እየገፋ ወረደ።

ሰባት ሳምንት ሆነ። በስምንተኛው፣ አንድ ማክሰኞ፣ መናኸሪያ ጠሩኝ። ከጅማ በመጣው አውቶቡስ በር ላይ መጀመሪያ ክራንች ታየ፤ ቀጥሎ የእናቴ እጅ። ፀዲ ከስታ፣ ፀጉሯ ተቆርጦ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ወረደች። እኔን አይታ፣ «አድገሻል» አለችኝ።

እናቴ እዚያ የሆነውን የነገረችኝ በካፊኖኖ ነው። በካፊኖኖ ስትናገር ትቀልዳለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጊዜ ቀልድ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሆስፒታሉን ጠይቃ ጠይቃ አገኘችው። ጠረጴዛ የያዘ መነጽራም ሰውዬ ነበር፤ ያለ እሱ ፊርማ ማንም አይወጣም። ፊቱ ቆማ፣ «ዠ ቨ ማ ፊይ» አለችው። ሰውየው ቀና ብሎ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። ብዙ አወራ።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ግማሹ አልገባኝም። ግን ጋሽ ወልደሥላሴ ያላስተማሩኝ አንድ ነገር ነበር፤ የወደፊቱን ጊዜ። የአሁኑን ብቻ ነው ያስተማሩኝ። ሰውየው ደግሞ የሚናገረው ሁሉ የወደፊት ነው። ይታያል፣ ይጠራሉ፣ ነገ ይመጣሉ። ነርሷ ናት በኋላ ያስረዳችኝ። እኔ የወደፊት ግስ የለኝም። ስለዚህ ባለኝ መለስኩለት።»

«ምን አልሽው?»

«ዠ ረስት። እቀራለሁ፤ አልንቀሳቀስም። አልኩትና ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።»

ዘጠኝ ቀን ተቀመጠች። ያ ሙቀት የኛን አገር ሰው ያቀልጣል። ጠዋት ሲገባ ትነሣና «ዠ ቨ ማ ፊይ» ትለዋለች፤ ሲወጣም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ዘበኛ ልኮ ሊያስነሣት ነበር፤ የጋሽ ወልደሥላሴን ገጽ አሳየችው። ዘበኛው አንብቦ ውኃ አመጣላት። ገጹ ላይ የተጻፈው፣ «ይህች ሴት እናት ናት። የሚገባትን ሁሉ ትረዳለች፤ የማይገባትን አትቀበልም» የሚል ነበር። በዘጠነኛው ቀን መነጽራሙ ሰውዬ ከቢሮው ወጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመና አንድ ነገር ጠየቃት።

«‹እስከ መቼ ነው?› ነው ያለኝ፤ ይቺን አውቃታለሁ። ሌላ ቃል ቢኖረኝ ብዙ በነገርኩት። ‹ዠ ረስት› አልኩት ደግሜ። ሳቀ፣ ተናደደ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። ከዚያ ፈረመ።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ይህንን ሲሰሙ ኮታቸውን አወለቁ። አውልቀው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ደረት ኪሳቸው ውስጥ መሐረብ ፈልገው አጡና በኮቱ እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እናቴ ሳታርፍ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መርማሪው ካፊኖኖ የሚችል ሰው እናምጣልሽ አላት፤ እንቢ አለች። በዚያው በሚስቁበት አማርኛዋ፣ «እንዳለ ልጄን ወሰደችው፣ ሸጠችው» አለች። ከጎን የተቀመጠው ፖሊስ ፈገግ አለ። እናቴ ድምፅዋን ሳትቀንስ እንደዚያው ደገመችው። መርማሪው ጻፈ። ፋይሉ ግን ወጣ፣ ወረደ፤ ምስክር ጠፋ ተባለ፤ በመጨረሻ ማስረጃ አልተሟላም ተብሎ እንዳለ ተለቀቀ። ቦንጋ ላይ ግን ልጁን የሚሰጠው ሰው አጣ። ጠፋ።

ፀዲ ክራንቹን ጥላ በዱላ መሄድ ቻለች። አንድ እግሯ አጥሯል፤ ስትራመድ ሙሉ አካሏ ወደ ጎን ይወድቅና ይነሣል። ሰው እንዲያያት አትፈልግም። ጠዋት ገበያተኛው ሳይመጣ ከእናቴ ጎን ትቀመጣለች፣ ማታ ገበያተኛው ሲበተን ትነሣለች። ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖረች።

አንድ ቀን ኃይለሚካኤል፣ «እንዳለን ዋጫ ከተማ አየሁት፤ ቢሮ ከፍቷል፤ ታፔላም ሰቅሏል» አለን። እናቴ ልትነሣ ስትል ፀዲ ቀደመቻት።

«አንቺ ተቀመጪ፣ እማዬ። ይሄ የኔ ነው።»

በማግሥቱ እኔና እሷ በሚኒባስ ዋጫ ሄድን። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዱላ እንድይዝላት እንጂ ለሌላ አልጠቅምም። የገበያ ቀን ነው፤ ጭቃው ተቦክቷል። ቢሮው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ነበር። ከበሩ ራቅ ብሎ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልን። ምን ልታደርግ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ የምታውቀውም አልመሰለኝም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ አባት ሁለት ሴት ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ትልቋ ፀዲ ስትሄድ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ናት። አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ጭቃው እንዳይነካው እየመረጠች ትረግጣለች።

«ልጆች» አለን ሰውየው በካፊኖኖ፣ «ወደ ውጭ የሚልከው የእንዳለ ቢሮ የትኛው ነው?»

እኔ አፌን ልከፍት ስል ፀዲ ክንዴን ያዘችኝ። ሱቁን ተደግፋ ተነሣች።

«ኑ፣ ላሳያችሁ» አለችው።

ዱላዋን ላቀብላት ዘረጋሁ፤ አልተቀበለችኝም። በገበያው መሃል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ፊት ፊታቸው መራመድ ጀመረች። እየወደቀች፣ እየተነሣች፣ ሳትቸኩል። ነጋዴው መሸጡን ትቶ ያያል። ልጆች ጣታቸውን ቀሰሩ። ፀዲ ወደ ኋላዋ አልዞረችም።

«ወድቀሽ ነው፣ ልጄ?» አላት ሰውየው ከኋላ።

«ከሁለተኛ ፎቅ» አለች ፀዲ እየሄደች። «ጅቡቲ። የላከኝ እንዳለ ነው። በሩ ይኸው፣ ያ ሰማያዊው። ቤት ውስጥ ካለ ጠይቁት፤ ስሜ ፀዲ ነው፤ ያውቀኛል።»

ከኋላችን የእግር ድምፅ ቆመ። ዞር ስል ሰውየው ጭቃው ላይ ቆሟል። ታናሿ እጁን ይዛለች። ትልቋ ሰማያዊውን በርና የእህቴን እግር እያፈራረቀች ታያለች፤ አዲሱ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፣ ልብ አላለችውም። በሩ ሲከፈትና እንዳለ ብቅ ሲል ሦስቱም አብረው ፊታቸውን አዞሩና በመጡበት ሄዱ።